ውሻን ያለ በትር ስለ ማስተማር

ውሻ በሰው ደጅ ማደር ከጀመረ ዘመኑ እጅግ የራቀ ቢሆንም፣ ሰው እርሱን ለማስተማር ያነሣው መሣሪያ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአብዛኛው በትርና ሰንሰለት ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 በጀርመን የታተመው የኮንራድ ሞስት ዝነኛ የውሻ ማሠልጠኛ መጽሐፍም ሽልማትን ባይንቅ እንኳ ግዳጅን የትምህርቱ ምሰሶ አድርጎ ነበር።

ሌላውን መንገድ ያሳዩት በቤተ ሙከራ የእንስሳትን ጠባይ የመረመሩ አሜሪካውያን ሊቃውንት ናቸው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተራቡ ድመቶችን በሣጥን እየዘጋ መውጫውን እንዴት እንደሚያገኙ ከተመለከተ በኋላ፣ እንስሳ ደስታን ያስከተለለትን ምግባር እንደሚደግም ሕግ አድርጎ ጻፈ፤ ከእርሱም በኋላ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በአይጥና በእርግብ ምርምሩን አስፋፋው፤ የስኪነር ደቀ መዛሙርት የነበሩት ባልና ሚስት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ ደግሞ በ1940ዎቹ ከቤተ ሙከራው ወጥተው፣ ውሻውንም ዶሮውንም አሳማውንም በምግብ ዋጋ እያሠለጠኑ ኑሯቸውን በዚሁ ሙያ መሠረቱ።

የዘዴው ምሥጢር በጊዜ ላይ ነው። ውሻው ቁጭ ካለ በኋላ ጌታው ከኪሱ ሥጋ አውጥቶ እስኪያጐርሰው ጥቂት ሰከንድ ቢያልፍ፣ ውሻው በዚያ መካከል ተነሥቶ ይሆናልና ዋጋው ለመቀመጡ ሳይሆን ለመነሣቱ የተከፈለ ይሆንበታል። ስለዚህ አሠልጣኞች ሲጫኗት ቀጭ የምትል ትንሽ መሣሪያ በእጃቸው ይይዛሉ፤ አስቀድመው ድምፅዋን እያሰሙ ወዲያው ቍራጭ ሥጋ በመስጠት ድምፁ የዋጋ አብሳሪ መሆኑን ያስለምዱታል፤ ከዚያ ወዲያ የተፈለገው ምግባር በተፈጸመባት ቅጽበት ድምፁ ይሰማል፣ ሥጋውም ይከተላል። መሣሪያዋ የሌለችው ሰው አንዲት አጭር ቃል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ ቢናገር ይበቃዋል።

ቁጭ ማለትን ለማስተማር በጣት ጥፍር ልክ የተቈረጠ ጉበት ከአፍንጫው ፊት አንሥተው በራሱ ላይ ወደ ኋላ ሲወስዱት፣ ውሻው በዐይኑ እየተከተለ ቀና ሲል ዳሌው በራሱ ጊዜ ወደ መሬት ይወርዳል። ቃሉ የሚነገረው ሥራው ከተለመደ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ውሻው የማያውቀውን ቃል እየደጋገመ ይጮኽበታል።

ከትምህርቱ ሁሉ የሚልቀው ሲጠሩት መምጣት ነው፤ በዚህም ላይ እኛ የኢትዮጵያ ባለ ግቢዎች ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ሌሊት ተፈትቶ ግቢ ሲጠብቅ ያደረ ውሻ ሲነጋ የሚጠራው ለመታሰር ብቻ ከሆነ፣ በስሙ መጠራት የሰንሰለት መቅድም መሆኑን ይማርና ጌታውን ሲያይ ወደ ጓሮ ይሸሻል፤ ጌታውም ስለ ዘገየ ተቈጥቶ፣ በመጨረሻ የመጣውን ውሻ ቢመታው፣ የተመታው በመምጣቱ ነውና ነገ ፈጽሞ አይመጣም። ይህን ንቀት ነው ብሎ በእንስሳው ላይ መፍረድ ግፍ ነው። በየቀኑ ደጋግመው ጠርተው፣ አጕርሰውና ዳብሰው መልሰው ቢለቁት፣ ከብዙው ጥሪ አንዱ በመታሰር ቢያልቅ እንኳ በደስታ መምጣቱን አይተውም። በቤት ውስጥ ስለ ሸና የሚደበደብ ቡችላም እንዲሁ ነው፤ የሚማረው ወደ ውጭ መውጣትን ሳይሆን ከሰው ዐይን ተሰውሮ መሽናትን ነው።

ይህ ሲባል ግን ሽልማት የተፈጥሮን ጠባይ ይሽራል ማለት አይደለም። ብሬላንዶች ራሳቸው በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሳንቲም በዕቃ ውስጥ እንዲጥል የሠለጠነ ራኩን የተባለ አውሬ፣ ሁለት ሳንቲም በተሰጠው ጊዜ ምግቡ እየቀረበት እንኳ ሳንቲሞቹን እርስ በርሳቸው ሲያፋትግ እንደ ቈየ ገልጸዋል። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ መጮኽ ጠባዩ የሆነውን ውሻ ጩኸቱን ፈጽሞ ለማጥፋት ከመድከም፣ ጥቂት ጮኾ ዝም ባለባት ቅጽበት መሸለም ይሻላል፤ ዝምታውም በመጀመሪያ ለአንድ ሰከንድ፣ ቀጥሎ ለሦስት፣ ከዚያም ለዐሥር እየተባለ ይረዝማል፤ ምግባሩ ሲጸና ሥጋው በየጊዜው መሆኑ ቀርቶ አልፎ አልፎ ይሰጣል።