ቁጠባ ሲያድግ ከባዱ ሥራ እስከ መቼ?

በዛሬው ዝግጅታችን በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ውስጥ ስለሚነሳ አንድ ጥያቄ እንነጋገራለን። ሥራው ሐላል ነው፤ ገቢውም መልካም ነው። ነገር ግን አባወራውን ከቤቱ ያርቀዋል፤ ጉልበቱንም ይጨርሳል። ቁጠባው እያደገ ሲሄድ በዚህ ሥራ መቀጠል የሚገባው እስከ መቼ ነው?

ለምሳሌ ከሐዋሳ በዲላ በኩል ሞያሌ ድረስ ጭነት የሚያመላልስ አንድ ወንድም አለ እንበል። በወር ሃያ ቀን ከቤቱ ውጭ ያድራል። ቤቱ በወር 15 ሺህ ብር ያወጣል። ሥራውን ሲጀምር ምንም አልነበረውም፤ ዛሬ ግን 300 ሺህ ብር አስቀምጧል።

በቅድሚያ መቆጠብ በራሱ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታመው ሳሉ ሀብታቸውን በሶደቃ ለመስጠት ባሰቡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሲሶ እንዳያልፉ ከልክለዋቸዋል። ወራሾችን ሳይቸገሩ ትቶ መሄድ ሰው እጅ እንዲያዩ ከመተው እንደሚሻልም አስተምረዋል። በከተማችንም ያየነው አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም ተመርቆ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆነ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ከአጎዋ ስትታገድ ግን በፓርኩ ሥራቸውን ያጡ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥቂት ያስቀመጠ ሰው ይተነፍሳል።

ይሁን እንጂ ለሁሉም ነገር ልክ አለው። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ሊጠይቁ በሄዱ ጊዜ ባለቤታቸው ተጎሳቁለው አገኟቸው። አቡ ደርዳእ ቀን በጾም ሌሊት በሶላት ተጠምደው ቤታቸውን ረስተው ነበር። ሰልማንም ጌታህ፣ ነፍስህና ቤተሰብህ እያንዳንዳቸው ሐቅ አላቸው ብለው መከሯቸው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነት መናገራቸውን አረጋገጡ። ሱንና ዒባዳ እንኳ የቤተሰብን ሐቅ እንዳይነካ ልክ ከተበጀለት፣ ገንዘብ መሰብሰብማ እንዴት ልክ አይኖረው?

ታዲያ ልኩ በምን ይታወቃል? እኛ የምንመክረው የዘካን ቀን ነው። ሀብቱ ኒሷብ ሞልቶ አንድ የጨረቃ ዓመት የቆየ ሰው ከመቶ ሁለት ብር ተኩል ያወጣል። መሙላቱን ለማወቅም በየዓመቱ በተወሰነ ቀን መቁጠር ግድ ነው። በዚያው ቀን ሥራችንንም እንመዝን።

አንደኛ፣ ቁጠባው ቤቱን ስንት ወር ያኖራል? በብር ብቻ አንቁጠር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ የብር ዋጋ እንዴት እንደወረደ አይተናል። የወንድማችን ቁጠባ የ20 ወር ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራው ምን ይወስዳል? ሶላት በወቅቱ፣ ጤና፣ የልጆች ተርቢያ ይቆጠሩ። የመጀመሪያው ወር ቁጠባ ከረሃብ ያድናል፤ ሃያ አንደኛው ግን ያን ያህል የሚለውጠው ነገር የለም። ከልጆቹ ርቆ የሚያልፈው ዓመት ግን መጀመሪያም ዛሬም እኩል ነው፤ አይመለስም።

ሦስተኛ፣ ቀለል ያለ ሥራ የቤቱን ወጪ ይሸፍናል? ወንድማችን በሐዋሳና በሻሸመኔ መካከል ሠርቶ 16 ሺህ ብር ካገኘ ቁጠባው ብዙም አያድግም፤ ግን አይነካም። ማታ ማታም ቤቱ ያድራል። በእኛ አስተያየት ለእርሱ ጊዜው ደርሷል። ዕዳ ያለበት ወይም የሁለት ወር ስንቅ ብቻ የያዘ ግን ሶብር ያድርግ፤ የሚያበቃበትን ልክ ግን ዛሬውኑ ይወስን። ልክ ያልተበጀለት ቁጠባ በቃኝን አያውቅም።

ከውሳኔ በፊት ከትዳር አጋር ጋር መመካከርና ኢስቲኻራ መስገድ አይዘንጋ። አላህ (ሱ.ወ) በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።