አንድሮስ ላይ የውሻው ገመድ ይፈታ?

የግሪኳ አንድሮስ ከሲክላድስ ደሴቶች ውስጥ በስፋት ከናክሶስ ቀጥላ የምትመጣ ናት። ከአቴንስ በስተምሥራቅ ካለው የራፊና ወደብ በመርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። ጎረቤቶቿ በበጋ ክው ብለው ሲደርቁ በእሷ ሸለቆዎች ውስጥ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈሱ ምንጮች አሉ። የመኪና መንገድ ሳይገባ ሰውና በቅሎ ይመላለሱባቸው የነበሩ፣ ድንጋይ የተነጠፈባቸው ጥንታዊ መንገዶች ተጠርገውና ምልክት ተደርጎባቸው ዛሬ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የእግረኛ መስመር ሆነዋል። በቀዝቃዛው ወራት ለሰዓታት ቢሄዱ ሰው ላያጋጥም ይችላል። ስለዚህ ውሻ ይዞ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያስበው ገመዱን ፈቶ መልቀቅ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ግን ገመዱ ከከተማ አስፋልት ይልቅ እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ምክንያቱም አገሩ ባዶ ይምሰል እንጂ ባለቤት አለው። ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች የሸነሸኑት እርከኖች በሰው እጅ የተካቡ ናቸው፤ በጭቃም ሆነ በሲሚንቶ ያልተያያዘ ድንጋይ ብቻ። የአንድሮስ ካብ ደግሞ ከሩቁ ይለያል፦ በደቃቁ ድንጋይ መሀል ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋዮች እንደ በር ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ያለ ጭቃ የመካብ ሙያ በግሪክና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ስም በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በካቦቹ መካከል ፍየልና በግ ይሰማራሉ። ውሻ ሲያባርራት የደነበረች ፍየል ካቡን ዘልላ ስታልፍ ድንጋዩን ታረግፋለች፤ ገደል አፋፍ ላይ ከሆነች ራሷም ልትጠፋ ትችላለች። ከሁሉ የከፋው የወቅቱ መገጣጠም ነው። ለውሻ የሚመቸው ከመኸር እስከ ጸደይ ያለው ቀዝቃዛ ጊዜ ነው፤ አብዛኛው የደሴቶቹ መንጋ አርግዞ የሚወልደውም በዚያው ወቅት ነው። ያረገዘች በግ በሩጫና በድንጋጤ ልትጨነግፍ ትችላለች። ውሻው በጥርሱ ሳይነካት እረኛው ኪሳራ ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ለውሻው ለራሱም ቢሆን ልቅ መሆን አያዋጣም። በጸደይ መጨረሻ በመንገዱ ዳር የሚደርቀው የዱር ገብስ ጢሙ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ስለሆነ በጆሮ ወይም በጣቶች መካከል ከገባ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚያወጣው የእንስሳት ሐኪም ነው። በግሪክ ገጠር ከዚህ የባሰ «ፎላ» የሚባል ነገር አለ፤ መርዝ የተደበቀበት ሥጋ ነው። አውሬን ወይም የሰው ውሻን ለማጥፋት ተብሎ ይጣላል፤ ሕጉ በጥብቅ ቢከለክለውም አልጠፋም። ከባለቤቱ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ቁጥቋጦ ውስጥ የገባ ውሻ ምን እንደዋጠ የሚያይለት የለም። የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው ሊሽማኒያሲስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ገመድ አይመክተውም። መፍትሔው ዝንቧን የሚያባርር የአንገት ቀበቶና ከምሽት እስከ ንጋት ውሻውን ቤት ማሳደር ነው። የበሽታው ዘመድ በእኛም አገር በመተማና በሁመራ ቆላ ካላዛር ተብሎ ይታወቃል፤ በሜዲትራኒያን አካባቢ ግን ዋናው የጥገኛ ተውሳኩ ማደሪያ ውሻ ነው።

ውሻ ካልሮጠ ገጠር መውጣቱ ምን ፋይዳ አለው የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም ተራ አይደለም። ሆኖም ውሻ ገጠርን የሚያውቀው ከእግሩ ይልቅ በአፍንጫው ነው። አምስት ሜትር ገመድ ይዞ እያንዳንዱን ካብ እንዲያሸት ጊዜ የተሰጠው ውሻ ብዙ አልቀረበትም። ሌሎች ደግሞ ጥፋተኛው መርዝ የሚጥለው ሰው ሆኖ ሳለ ለምን የእኛ ውሻ ይታሰራል ይላሉ። በፍርድ ቤት ይህ ትክክል ነው፤ በመንገድ ላይ ግን የሞተውን ውሻ አይመልስም። የእረኛው ውሻ እንደ ልቡ እየሮጠ የእንግዳው ለምን ይታሰራል የሚለው ቅሬታ ደግሞ ከሁሉም ደካማው ነው፤ ያኛው ሥራ ላይ ነው። የግሪክ ሕግም ቢሆን ውሻ በሽርሽር ጊዜ በማሰሪያ እንዲያዝ ሲያዝ፣ በሥራ ላይ ያሉትን የእረኛና የአደን ውሾች ለይቶ ያያቸዋል። ገመዱ ቢረዝም፣ የሚልሰውን ሁሉ ለሚውጥ ውሻ ደግሞ እየተነፈሰና ውኃ እየጠጣ የሚሄድበት የቅርጫት ቅርጽ ያለው የአፍ መሸፈኛ ቢጨመር፣ ቀኑን ሙሉ መሄድ ይቻላል። በመንገዱ ላይ በሽቦ የታሰረ በር ሲያጋጥም ከፍቶ አልፎ እንደነበረው መልሶ ማሰር የግድ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ እጅ ሥራ ላይ ስለሚሆን ገመዱን ወገብ ላይ አስሮ መሄዱ ይመረጣል።