ህንድን ለመግዛት የከፈለው ማን ነበር?

ብሪታንያ ህንድን በራሷ ጦር ድል አድርጋ፣ በራሷ ገንዘብ እንዳለማች ብዙ ሰው ያምናል። ታሪኩ ግን ይህን አያሳይም። በመጀመሪያ የመጣው መንግሥት ሳይሆን ነጋዴ ነው፤ በ1600 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከእንግሊዝ ንግሥት ፈቃድ ያገኘው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ። የሥልጣን በር የተከፈተለት በሰኔ 1757 ፕላሲ ላይ፣ ከአንድ የማንጎ ዛፎች ጫካ አጠገብ በተደረገ ውጊያ ነበር። ከሮበርት ክላይቭ 3,000 ገደማ ወታደሮች 2,000 ያህሉ ህንዳውያን ነበሩ። የቤንጋሉ ገዥ ሲራጅ ኡድ ዳውላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጦር ቢያሰልፍም፣ አዛዡ ሚር ጃፋር አስቀድሞ ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ ስለነበር አብዛኛውን ጦር ይዞ ዳር ቆመ።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ1765 ነው። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ሻህ አላም ሁለተኛ ቤንጋልን፣ ቢሃርንና ኦሪሳን የማስገበር መብት ለኩባንያው ሰጠ። ከዚያ በፊት ኩባንያው የህንድን ጨርቅ የሚገዛው ከአውሮፓ ባመጣው ብር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከገበሬው በሰበሰበው ግብር የዚያኑ ገበሬ አገር ምርት እየገዛ ወደ ለንደን ይጭን ጀመር። ግብሩ ወታደርም ቀጠረ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኩባንያው ከ200,000 በላይ ወታደሮች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ህንዳውያን። ከ1857ቱ የህንዳውያን ታላቅ አመፅ በኋላ አስተዳደሩ ከኩባንያው ወደ ብሪታንያ ዘውድ ሲዛወርም ወጪው ከህንድ ትከሻ አልወረደም። በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ የዘመተው የጄኔራል ናፒየር ጦር የተነሳው ከቦምቤይ ነበር፤ የህንድ ወታደሮቹ መደበኛ ደመወዝም የተከፈለው ከህንድ ግምጃ ቤት ነው።

ባቡሩስ? ብሪታንያ ለህንድ የለገሰችው ስጦታ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ከቦምቤይ ወደ ታኔ 34 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ገንዘቡን ያዋጡት በአብዛኛው የእንግሊዝ ባለአክሲዮኖች ቢሆኑም፣ በዓመት 5 በመቶ ወለድ ዋስትና ተሰጥቷቸው ነበር። መስመሩ ካላተረፈ ጉድለቱን የሚሞላው የህንድ ግብር ከፋይ ነበር። በዚህም የተነሳ የባቡር ኩባንያዎቹ ወጪ ለመቆጠብ የሚያስገድዳቸው ነገር አልነበረም። ባቡሩ ሰውንና ገበያን ማገናኘቱ አይካድም፤ ሂሳቡን የዘጋው ግን ህንዳዊው ነው።

ረሃቡን ሁሉ በዝናብ እጥረት ማሳበብም ትክክል አይደለም። በ1876 ድርቅ ደቡቡን ሲመታ እንደራሴው ሎርድ ሊተን መንግሥት በእህል ዋጋ ጣልቃ እንዳይገባ ከለከለ፤ እህልም ወደ ውጭ መጫኑ ቀጠለ። በጥር 1 ቀን 1877 ንግሥት ቪክቶሪያ የህንድ ንግሥተ ነገሥታት መባሏ በዴልሂ በታላቅ ድግስ ሲታወጅ ረሃቡ እየገደለ ነበር። እስከ 1878 ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው አለቀ።

በ1943ቱ የቤንጋል ረሃብ ደግሞ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራሱ አለበት። ጃፓን በርማን ስለያዘች ከዚያ የሚመጣው ሩዝ ቆመ። ጠላት እንዳይጠቀምባቸው ተብሎ ዓሣ አጥማጁና ገበሬው የሚተዳደሩባቸው ጀልባዎች ተወረሱ ወይም ወደሙ። ብሪታንያ በህንድ የምታወጣውን የጦር ወጪ ለንደን ላይ በዕዳ ታስመዘግብ ስለነበር፣ ህንድ ውስጥ ሩፒ በገፍ ታተመ፤ የሩዝ ዋጋም ከድሃው አቅም በላይ ናረ። ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሞተ። ህንድ በ1947 ነጻ ስትወጣ ብሪታንያ ለህንድ መክፈል የነበረባት ዕዳ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር።