ያውቁ ኖሯል? የተዳፈነው የደም እሳት

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጡ አዛውንት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ዳገቱን ሲያያዙት በአጥንታቸው መቅኒ ውስጥ በየሰከንዱ ወደ 2 ሚሊዮን ቀይ የደም ሕዋሳት ይወለዳሉ።

የሁሉም እናት የደም ስቴም ሴል ናት። እሷ ግን አብዛኛውን ዕድሜዋን ተኝታ ታሳልፋለች። ኦክስጅን በሚያጥርበት የመቅኒ ጓዳ ተሸሽጋ፣ ስኳርን ያለ ኦክስጅን በጥቂት በጥቂቱ እየሰበረች ትኖራለች፤ ማታ ፍሙን በአመድ እንደምታዳፍን የላስታ ባልቴት።

በእርጅና ፍሙ ይገለጣል። ኃይል የሚያመነጩ ንቁ ማይቶኮንድሪያዎችን ጠርጎ የሚያስወግደው የሕዋሷ የውስጥ ጽዳት (ኦቶፋጂ) ይዳከማል፤ ሕዋሷ ዕረፍት አጥታ ትነድዳለች። ቁጥሯ ቢበዛም ጤናማ ደም የመተካት አቅሟ ይቀንሳል። ደስ የሚለው ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የአይጦች ጥናት ካረጁት ስቴም ሴሎች ሲሶ ያህሉ ጽዳታቸውን እንደጠበቁና እንደ ወጣት እንደሚሠሩ አሳይቷል።

የደጋችን ደም ደግሞ ሌላ ድንቅ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን) ሲለካ ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የአንዲስ ደገኞች ደም ግን በቀይ ሕዋሳት ብዛት ይወፍራል።