መሐላና የመኖሪያ ወረቀት፦ «በርሊን አሌክሳንደርፕላትዝ» ከልቦለድ ወደ ፊልም

አንድ ወጣት ከጊኒ ቢሳው ተነሥቶ ወደ አውሮፓ ሲጓዝ ባሕር ላይ አደጋ ይደርስበታል። አብራው የነበረችው ኢዳ ሰምጣ ትቀራለች፤ እርሱ ግን በሕይወት ይተርፋል። ከሞት አፋፍ መመለሱን ሲያይም ከእንግዲህ መልካምና ሐቀኛ ሰው ሆኖ ለመኖር ይምላል። ወጣቱ ፍራንሲስ ይባላል፤ ፊልሙም «በርሊን አሌክሳንደርፕላትዝ» ነው። የሦስት ሰዓቱ ታሪክ በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህ መሐላ ላይ ነው። ሰው መልካም ለመሆን ቢቆርጥ፣ የሚቆምበት መሬት ከሌለው ቃሉን መጠበቅ ይችላልን?

ጥያቄው ጥንት በጀርመናዊው ደራሲ አልፍሬድ ዶብሊን የተነሣ ነው። ዶብሊን በበርሊን ምሥራቃዊ የሠራተኞች ሰፈር በሐኪምነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ የድሆችን ኑሮና አነጋገር በቅርብ ያውቁ ነበር። በ1929 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ያሳተሙት ልቦለድ ፍራንዝ ቢበርኮፕፍ የተባለ ሰው ከቴጌል እስር ቤት ሲወጣ ይጀምራል። ፍራንዝ ኢዳ የተባለችውን ወዳጁን ገድሎ አራት ዓመት ታስሯል። ሲፈታ በቅንነት ሊኖር ይምላል፤ ነገር ግን ሥራ አጥነት፣ የከተማይቱ ግፊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራይንሆልድ የተባለ ክፉ ባልንጀራ መሐላውን ያፈርሱበታል።

መጽሐፉ ከአንድም ሦስት ጊዜ ወደ ፊልም ተመልሷል። በ1931 ፒል ዩትሲ ለሲኒማ ሠሩት፤ በ1980 ደግሞ ዝነኛው ራይነር ቬርነር ፋስቢንደር 15 ሰዓት ገደማ የሚወስድ ባለ 14 ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ አደረጉት። በየካቲት 2020 በበርሊን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ለውድድር የቀረበው የቡርሃን ቁርባኒ ሥራ ግን ታሪኩን ወደ ዘመናችን አምጥቶ የቀድሞውን እስረኛ በስደተኛ ተክቶታል።

ቁርባኒ በ1980 በጀርመን የተወለዱ የአፍጋኒስታን ስደተኞች ልጅ ናቸው። የመጀመሪያው ረጅም ፊልማቸው «ሸሃዳ» በበርሊን የሚኖሩ ወጣት ሙስሊሞች በእምነታቸውና በዕለት ኑሯቸው መካከል የሚገጥማቸውን ፈተና የሚተርክ ነበር። ቀጥሎም በ1992 በሮስቶክ ከተማ በቬትናም ሠራተኞች መኖሪያ ላይ የደረሰውን የጥላቻ ጥቃት በፊልም አሳይተዋል። የዶብሊንን መጽሐፍ እንዲያነሡ ያደረጋቸው በሚኖሩበት አካባቢ ያለው የሃዘንሃይደ መናፈሻ ነው። በዚያ ዕፅ ሲሸጡ የሚታዩት አፍሪካውያን ወጣቶች በሕዝብ ዓይን ከወንጀለኛነት በቀር ሌላ ታሪክ አልነበራቸውም። በሁሉም ዘንድ በታወቀ ልቦለድ ውስጥ ቢገቡ ግን ጀርመናዊው ተመልካች ፊቱን ሊያዞርባቸው አይችልም።

ፍራንሲስ በርሊን ሲደርስ የመኖሪያ ፈቃድም የሥራ ፈቃድም የለውም። በግንባታ ሥራ ላይ በስውር ይሠማራል፤ ጉልበቱ ይፈለጋል፣ ስሙ ግን በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም። ራይንሆልድ ስደተኞቹ ወደሚኖሩበት ቤት የሚመጣው ይህን አውቆ ነው። ገንዘብና ክብር ይምላቸዋል፤ በምትኩ ዕፅ እንዲሸጡለት ይሻል። ፍራንሲስ በመጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ቀስ በቀስ ግን ይሳባል። ራይንሆልድ ከሚሄድ መኪና ገፍትሮት ክንዱን ካጣ በኋላ እንኳ ወደ እርሱ ይመለሳል። ሚትሴ የተባለችው ወጣት የምትሰጠው ፍቅርም ከዚህ ወዳጅነት ሊያስጥለው አይችልም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሆነ በሌላ ምድር በስደት የኖረ አንባቢ የወረቀትን ነገር እንዲያስረዱት አያሻውም። ኢቃማው ያለፈበት ሰው ደመወዙ ቢቀርበት የሚከስበት፣ ቢበደል የሚጮኽበት ቦታ እንደሌለው ያውቃል። የፊልሙም ትልቁ ብርታት ይህን እውነት በስብከት ሳይሆን በሰው ላይ ማሳየቱ ነው። ሆኖም ቁርባኒ ጥፋቱን ሁሉ በሕግና በመንግሥት ላይ አይጭኑም። ችግር ወደ ክፉ በር ይገፋ ይሆናል፤ ከተጎዳ በኋላ ተመልሶ ያንኑ በር ማንኳኳት ግን የፍራንሲስ የራሱ ምርጫ ነው። ለዚህ ነው ተመልካች እያዘነለት የሚፈርድበት።

በጊኒ ቢሳው የተወለደው ዌልኬት ቡንጌ ፍራንሲስን ሆኖ ሲተውን ኩራትንና ድካምን በአንድ ፊት ላይ ያሳያል። ራይንሆልድን የተጫወተው አልብሬሽት ሹህ በበኩሉ ለስለስ ባለ ድምፅና በጎበጠ ትከሻ ክፋትን ያቀርባል። በዚህም በ2020 የጀርመን የፊልም ሽልማት የምርጥ ረዳት ተዋናይነትን ክብር አግኝቷል፤ ፊልሙ በአጠቃላይ አምስት ሽልማቶችን ወስዷል። ጉድለትም አለበት። በመጽሐፉ ውስጥ ባቡሩ፣ ጋዜጣው፣ ማስታወቂያውና የገበያው ጫጫታ ሁሉ ይናገራሉ፤ ከተማይቱ ራሷ እንደ አንድ ገጸ ባሕርይ ናት። በፊልሙ ግን በርሊን ከደማቅ የሌሊት መብራትና ከጭፈራ ቤት ብዙም አትርቅም። የቀን ሠራተኛው አፍሪካዊም ከዕፅ ሻጩ ያነሰ ቦታ ነው ያገኘው።

የደራሲው የራሱ ዕጣ ለዚህ ትርጓሜ ክብደት ይሰጠዋል። አይሁዳዊ የነበሩት ዶብሊን ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ከአገራቸው ሸሹ፤ መጻሕፍታቸውም ተቃጠሉ። በፈረንሳይ፣ በኋላም በአሜሪካ በስደት ኖሩ። መሐላ ስለሚከብደው እስረኛ የጻፉት ሰው አራት ዓመት ሳይሞላ ራሳቸው የሰው አገር ደጅ ጠኚ ሆኑ። ፍራንዝን ፍራንሲስ ያደረገው ፊልም እንግዲህ ከመጽሐፉ የራቀ አይደለም። የፍራንሲስን መሐላ የሰማ ተመልካችም፣ ቃሉ የፈረሰው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ፣ በዚያ ቀን ማን ሊይዘው ይችል እንደነበረ እያሰበ ይወጣል።