ዛፍ ተቆርጦ ወፍ ሲተርፍ

ደን መጠበቅ ሲባል ቀድሞ የሚታየን ችግኝ መትከልና መጥረቢያን ከጫካ ማራቅ ነው። የዱር እንስሳት ግን የሚሹት ጫካ አንድ ዓይነት አይደለም። ያረጀ ዛፍ ሽንቁር የሚመርጥ አለ፤ ከቁጥቋጦ ውጭ የማይራባ አለ፤ ፀሐይ ያገኘ ሣር ካጣ የሚጠፋም አለ። ይህን ልዩነት ጠብቀው ያቆዩት እሳት፣ ነፋስ፣ ጎርፍና ሣር በል አራዊት ነበሩ። ሰው እነዚህን ሲገታ ጫካው ባንድነት ያረጃል። እንዲህ ባለ ቦታ ታስቦበት ዛፍ መቁረጥ ራሱ ጥበቃ ነው።

ግልጹ ማስረጃ የሚገኘው በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት ነው። ኪርትላንድ ዋርብለር የምትባለው ደረተ ቢጫ ወፍ 14 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ጃክ ፓይን በተባሉ ዛፎች ሥር ነው። ዛፉ ሲያድግ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ይደርቃሉ፤ መሸሸጊያዋ ሲገለጥባት ቦታውን ትለቃለች። የጃክ ፓይን ፍሬ በሙጫ የታሸገ ስለሆነ በአብዛኛው የሚፈነዳው በእሳት ሙቀት ነው። የሰደድ እሳት መከላከሉ ሲጠናከር ወጣት ጫካ ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በቆጠራ የተመዘገቡት 432 የሚዘምሩ ወንድ ወፎች በ1987 ወደ 167 ወረዱ። ባለሙያዎች ያረጀውን ጫካ በየተራ እየቆረጡ፣ በመካከሉ ክፍት ቦታ እየተዉ መልሰው ተከሉ። በ2019 ጥንዶቹ ከ2,000 በልጠው ወፏ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ወጣች። በእርግጥ መጥረቢያ ብቻውን አላዳናትም፤ በጎጆዋ እንቁላሉን የሚጥለው ካውበርድ የተባለው ወፍም ከ1972 ጀምሮ በወጥመድ ሲያዝ ቆይቷል።

«ታዲያ እሳቱን ለምን አንመልስም?» የሚል ይኖራል። በ1980 ለዚችው ወፍ ተብሎ የተለኮሰ እሳት አምልጦ የአንድ እሳት ተከላካይ ሕይወት ቀጥፏል፤ ቤቶችም አውድሟል። በቃጠሎው ቦታ የበቀለው ወጣት ጫካ ወፎቹን ማብዛቱም እውነት ነው። ወሳኙ የጫካው ዕድሜ ነውና፣ ሰው በሰፈረበት አካባቢ መቁረጡ ከእሳት ያነሰ አደጋ አለው።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሐሳቡ ለእንጨት ነጋዴ ሽፋን ይሆናል የሚለው ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው በቦታው ምርጫ ላይ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተረፉት ደኖች ጠባብ ስለሆኑ እዚያ መቁረጥ የመጨረሻውን መጠለያ ማፍረስ ነው። በነገሌ ቦረና አቅራቢያ ባለው የሊበን ሜዳ ግን ቁጥቋጦ ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ ጋር ተደርቦ ሊበን ላርክ የተባለችውን የሣር ሜዳ ወፍ ወደ መጥፋት ገፍቷታል፤ እዚያ ቁጥቋጦውን መመንጠር ለእሷ ቤቷን መመለስ ነው።

ስለዚህ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያግኙ፦ ለየትኛው እንስሳ ነው? ከጫካው የጎደለው የትኛው ዕድሜ ነው? በተቆረጠው ምትክ ምን ይበቅላል? እነዚህን መመለስ የማይችል ሰው መጥረቢያውን ያስቀምጥ።