ተርሚናል ሲዘጋ ሥራው እንዳይሞት

ባለፈው ሴሚስተር ከመካከላችን አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን ስሌት በሩቅ ሰርቨር ላይ አስጀምሮ 11 ሰዓት ሙሉ ጠበቀ፤ ሊነጋጋ ሲል የኢንተርኔቱ መሥመር ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ፤ ስሌቱም አብሮ ሞተ። ጥፋቱ የመሥመሩ ብቻ አይደለም፤ የኛም አለማወቅ አለበት። ስለዚህ ሌሎች ወንድሞችና እኅቶች ያንን ሌሊት እንዳይደግሙት ከዚያ ወዲህ የተማርነውን ባጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን።

በሊኑክስ የምንጽፈውን ትእዛዝ የሚቀበለን ሼል የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ከሼሎችም በብዙ ቦታ የሚገኘው ባሽ ነው። ስክሪፕት ስናስጀምር ሼሉ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ሌላ ትእዛዝ አይቀበለንም። በትእዛዙ መጨረሻ የ«&» ምልክት ብንጨምር ግን ሥራው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሼሉም የፕሮሰሱን መለያ ቁጥር ነግሮን ወዲያው ለሌላ ትእዛዝ ዝግጁ ይሆናል። ምልክቱን ረስተን እንደ ሆነ ኮንትሮልንና ዜድን አንድነት ተጭነን ሥራውን ማቆም፥ ከዚያም «ቢጂ» ብለን በስተ ኋላ እንዲቀጥል ማድረግ እንችላለን። «ጆብስ» ዝርዝሩን ያሳየናል፤ «ኤፍጂ» ሥራውን ወደ ፊት ይመልሰዋል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከዚህ ላይ ነው። ወደ ኋላ የሄደ ሥራ ሁሉ ከተርሚናሉ ነፃ የወጣ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጥንቱ ዩኒክስ ዘመን ሰው ከኮምፒዩተር ጋራ በስልክ መሥመር ይገናኝ ነበርና፥ ስልኩ ሲዘጋ ባለቤቱ መሄዱን ለፕሮሰሶቹ የሚያስታውቅ ምልክት ተበጀ። ስሙ ሲግሃፕ፥ ቁጥሩም 1 ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሊኑክስም ይህን ልማድ ወርሶአል። ምልክቱ የደረሰው ፕሮሰስ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ይሞታል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከትእዛዙ በፊት «ኖሃፕ» የሚለውን ቃል፥ ይኸውም በላቲን ፊደል ኤን፥ ኦ፥ ኤች፥ ዩ፥ ፒ፥ በመጨረሻም «&»ን እንጽፋለን። ኖሃፕ ፕሮሰሱ ያን ምልክት ችላ እንዲለው ያደርጋል፤ ወደ ተርሚናል ይወጣ የነበረውንም ጽሑፍ፥ ሌላ ፋይል ካላመለከትንለት፥ «ኖሃፕ ነጥብ አውት» በሚባል ፋይል ያከማችልናል። ሥራውን እየተመላለሰ ማየት ለሚሻ ሰው ደግሞ «ቲመክስ» የተባለው ፕሮግራም ይሻላል። ሥራውን ማቋረጥ ስንፈልግ «ኪል» ብለን መለያ ቁጥሩን እንጽፋለን፤ ይህም 15 ቁጥር ምልክትን ይልካል፤ ፕሮሰሱም ፋይሉን ዘግቶ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። 9 ቁጥር ግን ፋታ የማይሰጥ ስለ ሆነ የመጨረሻ ምርጫ ይሁን።

ሁለት ነገር አንርሳ። አንደኛ፥ ኖሃፕ ከመሥመር መቋረጥ እንጂ ከመብራት መጥፋት አያድንም፤ ስለዚህ ስክሪፕቱ ውጤቱን በየጊዜው በዲስክ ላይ እንዲጽፍ እናድርግ። ሁለተኛ፥ ሰርቨሩ የጋራችን ነው፤ በስተ ኋላ የተረሳ ሥራ የሌላውን ተማሪ ጊዜ ይበላል።

ያ ጓደኛችን ስሌቱን በኖሃፕ እንደገና አስጀምሮ ተኛ፤ ጧት ውጤቱን ከፋይሉ ውስጥ አገኘው።